መሬት እስክትረግጥ

ሰኞ፣ ንፋስ የለም

ሬዲዮው በየቀኑ የሚዋሽ ከሆነ እኔም በየቀኑ እውነቱን አስጽፋለሁ።

ፊደል አልቆጠርኩም። ዓይኔንም ሞራ ጋርዶታል፤ ከብርሃንና ከጥላ ሌላ አይታየኝም። ስለዚህ ይህን የሚጽፈው የልጄ ባል ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ናት። ደንበኛ ሲጠፋ መቀሱን አስቀምጦ ብዕር ያነሳል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል ይላሉ። አላጫጩን ስለማውቅ እጠራጠራለሁ። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

ዛሬ ሬዲዮው እንዲህ አለ፤ መሀል ከተማ የሚሠራው ባለመስታወት ፎቅ በቅርቡ "በአገሪቱ ከቆመ ነገር ሁሉ ረጅሙ" ይሆናል። ረጅሙ ሕንፃ ቢል ግድ የለኝም። ሕንፃ ሊፍት አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ ሰው እጁን ኪሱ ከቶ ይወጣዋል። "ከቆመ ነገር ሁሉ" ሲል ግን ደሜ ፈላ። ከጀርባችን ኮረብታው ላይ የቆመው የሬዲዮ ምሰሶ ምን ሊባል ነው? ካቆሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ቀይና ነጭ የቀባሁት፣ ገመዱን የወጠርኩት፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቀይ መብራት የለወጥኩት እኔ ነኝ። ሬዲዮው አፍ የፈታው እሱ ላይ ነው። አሁን ድምፁ በሌላ በኩል ይመጣል አሉ፤ ይምጣ። ያሳደገን መካድ ግን ነውር ነው።

ምሰሶውን ያወርዱታል የሚል ወሬ አምና ተነስቶ ነበር። "እኔ ቆሜ እያለሁ አንድ ብሎን አይነካም" ብዬ ሱቁ ሙሉ ሰው በተቀመጠበት ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን ፊቴ ያነሳ የለም።

አማቼ "ልጄ" የሚለው ቦታ ላይ ስሟን ጽፎ ነበር። ሲያነብልኝ ነው ያወቅኩት። ሰርዘው አልኩት።

"ለምን አባባ?"

"ደብተሩ የማን ነው? ልጄ ብለህ ጻፍ።"

ሰረዘው። ብዕሩ ወረቀቱን ሲቧጥጥ ሰማሁ።


ረቡዕ፣ ጠዋት ቀላል ንፋስ

ልጄ አዲስ ሥራ ይዛለች። የገመድ ሠራተኛ ናት፤ ሙያውን የወሰደችው ከእኔ ነው። ባለመስታወቱ ፎቅ ጋ፣ ዕቃ ማንሻው ዘንድ ተቀጠርኩ አለችኝ።

"ላይ ነው ታች?"

"ታች ነው አባዬ። መሬት ላይ ቆሜ ዕቃ ማሰር ብቻ ነው።"

"ጥሩ ነው። መሬት ጥሩ ነገር ናት።"

እሷ ሳቀች። ባሏ አልሳቀም።

ስትወጣ እግሯ ወደ አውቶቡሱ አልዞረም፤ በኮረብታው በኩል ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አቋራጭ ይሆናል።


ሐሙስ፣ ያው ንፋስ

ሱቁ ሙሉ ነው፤ በአጭሩ ላስጽፍ። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ እንዲያይልኝ አማቼን ላክሁት። ከሰዓት ደግሞ ላክሁት። እንደገና ስልከው አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ወንበሩ ላይ ቀረ። "ሽማግሌው ጀልባ አላቸው እንዴ?" አለ ሰውየው።


እሑድ፣ ጸጥታ

ዛሬ ረጋ ብዬ ላስጽፍ።

ምሰሶው ብቻውን አይቆምም። ቀጭን ነው፤ ከግርጌው እስከ ጫፉ በየደረጃው የብረት ገመዶች ወጥረው ይዘውታል። የአንዱ ወገን ገመዶች የታሰሩት ከአጥራችን ጀርባ ባለው ኮንክሪት ላይ ነው። ንፋስ ሲነሳ ይዘምራሉ። የታችኞቹ ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ ጠግቦ የተኛ ሰው ይመስላሉ። የላይኛው ቀጭን ነው፤ ልብስ እያጠበች ለራሷ የምታንጎራጉር ልጃገረድ ነው የሚመስለው። ሚስቴ በሕይወት ሳለች "ያቺ ሴትዮህ ደግሞ ጀመረች" ትለኝ ነበር።

ትናንት ንፋስ ነበረ። ቀጭኗ ግን አላንጎራጎረችም። ጆሮዬ ነው። ዓይኔ ሲሄድ ጆሮዬም ብቻውን መቅረት ከበደው መሰለኝ።

በሕልሜ ምሰሶው አንገቱን ዝቅ አድርጎ በመስኮት ገባ። ቀይ መብራቱ ዓይኑ ነበር። "ደከመኝ" አለኝ። "ተቀመጥ" አልኩት። የት ይቀመጣል? ቤታችን ጠባብ ናት። ታጠፈ፣ ታጠፈ፣ ታጠፈና ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አማቼ ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረለትና፣ እንደ ልማዱ በትሕትና፣ "ምን ያህል ይቆረጥልዎ?" አለው።

ይህን ሳስጽፍ ብዕሩ ቆመ።

"ጻፍ እንጂ። ሕልም ነው።"

"እየጻፍኩ ነው አባባ።"

እየጻፈ አልነበረም።


ማክሰኞ፣ ንፋሱ ሲመሽ ተነሳ

አልጋዬ መስኮቱ ሥር ነው። ማታ ቀዩ መብራት ሲበራ ከጨለማው መሀል እንደ ፍም ይታየኛል። ከሰማይ ለእኔ የተረፈኝ እሱ ነው። ድሮ በላይኛው መስታወት ላይ ነበር። አሁን ከመካከለኛው እንጨት ላይ አርፏል።

አናጺው መስኮቱን ሲያድስ ወደ ላይ ሰቅሎታል ማለት ነው። ነገ ጥራልኝ አልኩ።

"አናጺው የመጣው እኮ ካቻምና ነው አባባ።"

"ታዲያ ቀስ በቀስ እንዲያድግ አድርጎ ተክሎት ይሆናላ።"

ልጄ ከጓዳ ሆና "ፍራሹን ለውጠንልሃል አባዬ፣ ከፍ ብለህ ነው" አለችኝ።

"እሱ ይሆናል" አልኩ።

ፍራሹ ያው የድሮው ነው። የጎድን አጥንቴ እያንዳንዱን ጉድጓዱን ያውቀዋል።


ዓርብ

ልጄ ማታ ስትገባ ግንባሬን ሳመችኝ። ራሷን ስዳስሳት ፀጉሯ ውስጥ ቅርፊት አገኘሁ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ያረጀ ቀለም ነው፤ ፀሐይ ደጋግማ የጠበሰችው።

"ፎቁን ይቀቡታል እንዴ?"

"አዎ አባዬ።"

"ምን ዓይነት?"

"ቀይ።"

"መስታወቱን?"

ራሷን ከእጄ አወጣች። "ማንሻውን ነው።"

"እ፣ ማንሻውን።"

ባሏን ሳል ያዘው። ውኃ ስጡት አልኩ።


ሰኞ፣ ንፋስ የለም

ጨዋታ የሚወድ አንድ የታክሲ ሾፌር አለ፤ ፀጉሩ ባይደርስም ይመጣል። ዛሬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ "አባት፣ ምሰሶዎ እኮ—" ብሎ ጀመረ። አማቼ የመላጫ ማሽኑን አስነሳው። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ማሽኑም ወደ ጆሮው ቀረበ።

"ምሰሶዬ ምን ሆነ?" አልኩ።

"አይ... ቆንጆ ነው ልል ነው።"

"አውቃለሁ።"

ሲወጣ በር ላይ ለሌላ ሰው "ኧረ ፎቁ ካለፈው ቆየ፣ ሽማግሌው ብቻ ናቸው ያልሰሙት" ሲል ሰማሁ። ስለ ምን እንደሚያወራ አላውቅም። ሾፌሮች ብዙ ያወራሉ።

ከሰዓት አጥሩን እየዳሰስኩ ወደ ኮንክሪቱ ሄድኩ። ፀሐይ ልሞቅ ነው። እግረ መንገዴን እጄን ገመዱ ላይ አሳረፍኩ። የብረት ገመድ እንደ ሰው ክንድ ነው፤ ሌላው ጫፉ ላይ ሰው ከተንቀሳቀሰ እዚህ ይታወቃል። መፍቻ ብረት ሲመታ፣ ጫማ ደረጃ ሲረግጥ፣ ሁሉም ወርዶ መዳፍህ ውስጥ ይገባል። ድሮ ከነበሩት ገመዶች የጎደሉ አሉ። አልቆጠርኳቸውም። እስኪመሽ ቆየሁ።


እሑድ፣ ጭጋግ

ቁርስ ላይ ልጄ ሳታስበው "ትናንት ጠዋት ከተማው አልነበረም፤ ነጭ ብቻ" አለች።

"ከታች ሆነሽ?"

"ሰዎቹ ናቸው የነገሩኝ።"

"ሰዎቹ በደንብ ነግረውሻል።"

እኔ ያን ነጭ አውቀዋለሁ። ደመናው ከወገብህ በታች ይተኛል። ከተማው፣ መንገዱ፣ የቤት ኪራዩ፣ አለቃህ፣ ሁሉም የለም። ያለኸው አንተና የምሰሶው ጫፍ ናችሁ፤ ጥጥ መሀል እንደተሰካ መርፌ። ከሥርህ የማይታይ ዶሮ ይጮኻል። የማትታይ ሴት ልጇን "ጫማህን አድርግ" እያለች ትቆጣለች። ያ ድምፅ እንዴት እንደሚያሳዝን! ሞተህ ቤትህን የምታዳምጥ ይመስልሃል፤ ግን አልሞትክም፣ እጅህ ላይ መፍቻ አለ። ልጄ ሕፃን ሳለች የማስተኛት ይህን እያወራሁላት ነበር። አፌን ሰብስቤ ቢሆን ዛሬ ልብስ ሰፊ በሆነች።

አማቼ "እማማ አይፈሩም ነበር?" አለኝ። ሚስቴን ማለቱ ነው። በሕይወት ሳለች አላገኛትም።

እኛ ምሰሶ ላይ የምንሠራ ሰዎች አንድ ሕግ አለን። ላይ ያለውን ሰው በስሙ አንጠራም። ስሙን የሰማ ሰው ይዞራል፤ ሳያስበው ይዞራል፤ ጆሮው ወደ መሬት ሲሄድ እጁም ብረቱን ይተዋል። ከፈለግነው ብረቱን በመፍቻ እንመታለን። ሚስቴ ሕጉን ወደ ቤት አስገባችው። ጠዋት ከወጣሁ ጀምሮ መሬት እስክረግጥ ስሜ ከአፏ አይወጣም። ጎረቤት ቢጠይቃት "ሰውየው አልገባም" ነው መልሷ። ማታ ደጃፍ ስደርስ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ አንዴ በስሜ ትጠራኛለች። ከዚያ ወዲያው ስለ ጫማዬ ጭቃ ትቆጣለች። ስሜን የምሰማው በቀን አንዴ ነበር፤ ከራቱ በላይ ይጣፍጠኝ ነበር።

ብዕሩ እንደገና ቆመ።

"ምን ሆንክ?"

"ቀለሙ አልቆ ነው አባባ።"

ቆየ። ገጾቹን ወደ ኋላ ሲገልጥ ሰማሁ፤ እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ ገለጠ። ከዚያ ምንም ሳይጠይቀኝ ተነስቶ ሄደ።


ሐሙስ፣ ክፉ ንፋስ

ማታ ነው የማስጽፈው፤ ቀን አይቻልም ነበር።

ንፋሱ ያለ ሰዓቱ ተነሳ። ጠዋት ምንም አልነበረም። ከምሳ በፊት የሱቁ መጋረጃ ፊቴን መታኝ፤ ከዚያ የታችኛው ገመድ መጮኽ ጀመረ። መዝሙር አልነበረም፤ የተረገጠ በሬ ድምፅ ነው። መንገድ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴት "ላይ ሰው ቀርቷል፤ ኧረ አንድ ሰው ቀርቷል" አለች።

አማቼ መቀሱን ጣለ። መሬት ሲመታ ሰማሁት። ወደ በሩ ሮጠና ትንፋሹን ሳበ፤ ስም ሊጠራ ሲል ሰው እንደሚስበው አድርጎ። በዕድሜዬ እንዲያ ፈጥኜ ተነስቼ አላውቅም። በእጄ አፉን ከደንኩት።

አፉን የከደንኩት አቧራ እየገባ ስለነበር ነው።

ስልኩን አወጣ። እሱንም ቀማሁት። "ስልክ ሲጮህ በምን እጅ ይነሳል?" አልኩት። "ሁለቱም እጅ ሥራ ላይ ነው።" የማን እጅ እንደሆነ አልተናገርኩም። እሱም አልጠየቀኝም። 

በእጁ ይዤ ወደ ኮንክሪቱ ወሰድኩት። እሱ ዓይን አለው፣ መንገዱን ግን የመራሁት እኔ ነኝ። መዳፉን ገመዱ ላይ አስቀመጥኩለት፤ የእኔን ከላይ ጫንኩበት።

"ምን ይሰማሃል?"

"ይንቀጠቀጣል።"

"እሱ ንፋሱ ነው፣ ተወው። ከሥሩስ?"

"ምንም የለም አባባ።"

"አትቸኩል። ከሥሩ።"

ቆየን። ቆርቆሮ ከአንድ ቤት ላይ ተነቅሎ በአጠገባችን አለፈ። ኋላ ጣቶቹ ከእጄ ሥር ተንቀሳቀሱ።

"ቱክ ይላል" አለ። "ያቆማል። ደግሞ ቱክ ይላል።"

"ጫማ ነው። እየወረደ ያለ ጫማ። ሲያቆም ንፋሱን እያሳለፈ ነው፤ ሲያልፍ አንድ ይወርዳል። የሚቸኩል እግር አይደለም። በደንብ የተማረ እግር ነው።"

አማቼ አለቀሰ፤ ድምፅ ሳያወጣ። ፊቱን በትከሻዬ ላይ ጠረገ። ጉንጩ በደንብ ያልተላጨ ነው፤ በራሱ ላይ እንኳ አይሆንለትም።

እዚያው ቆመን ጫማውን አጀብነው። ቱክታው እየወረደ፣ እየወረደ፣ በመጨረሻ ጠፋ። ሲጠፋ እጁን ነጥቆ ወደ ኮረብታው ሊሮጥ ሲል "አይዞህ፣ መሬት ድምፅ የለውም" አልኩት።

ልጄ ማታ ስትገባ ሁለታችንም ተቀምጠን ስለ ሳሙና ዋጋ እያወራን ነበር።

"ዛሬ ንፋስ ነበር አይደል?" አልኩ።

"ታችም አንድ ሁለት ቆርቆሮ በርሯል" አለች። ድምጿ ሻክሯል። ውኃ ስትጠጣ ብርጭቆው ጥርሷን ይመታ ነበር።

"ድሮ እኛ" አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው፣ "ንፋስ የደበደበን ቀን በማግስቱ አንወጣም ነበር። አለቃ ቢጮህም።"

ይህችን ዓርብ ነው ያስጨመርኩት፤ ልጄ ዛሬ ሆዴን አመመኝ ብላ ቤት ዋለች።


ማክሰኞ፣ ቀላል ንፋስ

ቀዩ መብራት ከመስኮቱ ደፍ ላይ ነው። እዚያ ሆኖ ክፍሉን የሚያይ ይመስላል። ትናንት በሕልሜ ደፉን ተሻግሮ ገባና እግሬ ሥር ተኛ፤ እንደ ድመት ሞቀኝ።

አናጺውን አልጠራም። መስኮቱ እንደፈለገ ይደግ።


ቅዳሜ

መብራቱ አልታየኝም። ገመዱም ዝም ብሏል። ንፋስ ግን አለ፤ መጋረጃው ያውቃል።

ማታ አማቼን "ነገ ሱቁን አትክፈት፤ ኮረብታው ላይ ታወጣኛለህ" አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። "ዱላዎን የት አስቀመጡት?" ብቻ አለ።


እሑድ፣ ንፋስ የለም

አቀበቱ ረዝሟል፤ ወይ እኔ አጥሬያለሁ። አማቼ ግማሹን ተሸከመኝ ሊባል ይችላል፤ እንዲህ ብሎ እንዲጽፍ ግን አልፈቀድኩም ነበር፣ እየጻፈው ነው መሰለኝ።

ስንደርስ ሠራተኞቹ መንገድ ለቀቁልን። ብረት ሲፈታ ይሰማል። የቀረው የመጨረሻው ቁራጭ ነበር፤ ግርጌው፤ እኔ ጎረምሳ ሆኜ መጀመሪያ ያቆምኩት። እላዩ ላይ አንድ ሰው ነበር። ጠበቅኩ። ብሎኑ ሲላቀቅ ሰማሁ። ጫማ ሲወርድ ሰማሁ፤ ያንኑ ጫማ። ጠጠር ላይ አረፈ። አንድ እግር። ሁለተኛውም።

ያን ጊዜ በስሟ ጠራኋት። ከፍ አድርጌ።

"አቤት አባዬ" አለች። ድምጿ ሕፃን ሳለች እንደነበረው ነበር።

ቀረበችና ቆመች፤ አልነካችኝም።

"መቼ አወቅክ?"

"መስታወቱን ቀይ የቀባችሁት ቀን። ከዚያም በፊት።"

"ለምን ዝም አልክ?"

"አውቃለሁ ካልኩ ወይ ውጪ ማለት አለብኝ፣ ወይ አትውጪ። ሁለቱም ክብደት አለው። ቀበቶሽ ላይ የእኔን አፍ አንጠልጥለሽ እንድትወጪ አልፈለግኩም።"

"እኔ እኮ እንዳይከፋህ ነው። እኔ ቆሜ እያለሁ አንድ ብሎን አይነካም ብለህ ነበር።"

"ሌላ ሰው አይነካውም ነው ያልኩት።"

"እንደዛ አላልክም።"

"አሁን አልኩ።"

ሳቀች፤ ከዚያ እንደ እናቷ ወዲያው "ይሄን ጭቃ ረግጠህ ነው የመጣኸው?" ብላ ጫማዬን ተቆጣች። ባሏ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እሱም ስሟን ጠራ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰበር ዕቃ አድርጎ። እንደገናም ጠራት። ልጁ ብዙ ቀን ተጠራቅሞበታል፤ ተውኩት።


ሐሙስ፣ ጠዋት

ሬዲዮው ባለመስታወቱ ፎቅ በአገሪቱ ከቆመ ነገር ሁሉ ረጅሙ ነው አለ። እውነቱን ነው። እውነት ሲናገር መስማት ግን ከውሸቱ በላይ ያስኮርፋል። ዘጋሁት።

መስኮቱ ጨለማ ብቻ ነው። አንዳንዴ ያ ነጭ ይመጣልኛል፤ ዶሮውም፣ ሴትየዋም።

ፎቁ አናት ላይ የሚቆመው ዘንግ ገና ነው ይላሉ፤ ከደመና በላይ የሚወጣው ክፍል። የሚያቆመውን ቡድን የምትመራ ሰው ፈልገው ልጄን ጠሯት። ትናንት ማታ ራት ላይ ነገረችን፤ አሁን መደበቅ ትታለች። "ላይ ነው ታች?" አልኳት። "ላይ ነው አባዬ።" ጨው አቀብይኝ አልኳት፤ አቀበለችኝ።

ዛሬ በማለዳ ወጣች። እግሯ በቀጥታ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

አማቼ ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል። "አባባ፣ አሁን እንኳ ስሟን ልጻፈው? ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰረዝኩት አለ" አለኝ።

"ወጥታለች እኮ" አልኩት። "ቦታውን ክፍት ተወው። ማታ ስትገባ ደጃፍ ላይ እጠራታለሁ።"